የግማሽ ቀን ንባብ

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ተፈቀደ። የቤተ መጻሕፍቱ ዳይሬክተር ደብዳቤውን ፈርማለች፤ በግቢው መሃል፣ ሁለቱ የእግር መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ የፀሐይ ሰዓት እናቆማለን። የፀሐይ ሰዓት ማኅበራችን በአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜው በሰው ግድግዳ ላይ ያለ አሮጌ ሰዓት ሲለካና ሲያጸዳ ኖረ እንጂ የራሱን አንድም አቁሞ አያውቅም። ሰባት ሰዎች ነን። ሊቀመንበራችን ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው የእጅ ሰዓት ሲከፍቱና ሲገጥሙ ይከርሙና እሁድ እሁድ ጥላ ያሳድዳሉ። ጸሐፊያችን ፋርማሲስት ናት። ሌሎቹ ሲላቸው ይመጣሉ፣ ሲላቸው ይቀራሉ።

ስሌቱና ንድፉ ለእኔ ተሰጠ። ለማን ሊሰጥ ኖሯል? ድንጋዩን የሚጠርበው ደግሞ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ለሊቀመንበሩ ነግራ እሳቸው አቀረቡት። እጁ ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን እስከዛሬ የጠረበው የመቃብር ድንጋይና የደረጃ ንጣፍ ነው። ሦስት ዓመት ከኋላችን ሲዞር ኖሮ እስካሁን ሙሉ አባል አልሆነም። ይህ ሥራ ከሰመረለት አባል ይሆናል፣ የሠሪነት ምልክቱንም በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይቀርጻል። «ከዚያ ወዲያ ሰው ቆሞ የሚያየውን እንጂ ተኝቶበት የሚረሳውን አልሠራም» ይላል። ባለቤቴ ከእሱ በላይ ጓጉታለች። እሷ ናት ያሳደገችው።

የካቲት 7፣ እሁድ

አሮጌው ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ልናነብ ወጣን። አሠራራችን ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በየሰዓቱ ጥላውን አንብቦ በራሱ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ለጎኑ ሰው አያሳይም፣ በመጨረሻ ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሌላውን ቁጥር ያየ ሰው ዓይኑ ይዋሸዋል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የስህተት መዝገቡንም ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። አራት ዓምድ አለው፤ ስህተቱ፣ የሠራው ሰው፣ ያገኘው ሰው፣ የተገኘበት ቀን። የተሳሳተው ራሱ በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል፤ ሌላ ሰው አይጽፍለትም። እስከዛሬ አርባ አንድ መስመር ተሞልቷል። «ያገኘው» በሚለው ዓምድ ሃያ ስምንቱ ላይ የእኔ ስም አለ። «የሠራው» በሚለው አንድም ቦታ የለም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ ቁጥር ስለሆነ ነው።

ከግድግዳው ጥግ ዞሬ ስመጣ ፋርማሲስቷ «ዝም በሉ፣ ሴኮንድ መጣ» ስትል ሰማሁ። ሳቁ። ሴኮንድ የተባልኩት እኔ ነኝ። ስንት ዓመት ሲሉኝ እንደኖሩ አላውቅም። የባለቤቴ ወንድም መሳቁን አየሁ፤ ሲያየኝ አቋረጠና ወደ ሰማይ አንጋጦ «ጋሼ፣ ይሄን ደመናም መዝገቡ ላይ እናስፈርመው እንዴ?» አለ። ሁሉም በአንድ ላይ በሳቅ ፈነዱ። ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ።

እኔም ፈገግ አልኩ። የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም።

የካቲት 16፣ ማክሰኞ

ንድፉ አለቀ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፣ ሦስቱም ገጠሙ። ጥላ የሚጥለው ብረት ባለ ሁለት ሚሊሜትር ስስ ላሜራ ነው፤ መስመሮቹ በሙሉ ከእግሩ፣ ከአንዲት ነጥብ፣ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ንጹሕ ሥራ ነው።

ቢሮ፦ እንዳጣራ ከቀረቡልኝ አሥራ አንድ የቅየሳ ፕላኖች ዘጠኙን መለስኩ። ኮሪደሩ ላይ አንዱ ቀያሽ ለጓደኛው «የእሱን ጠረጴዛ ተሻግሮ የተመለሰ ወረቀት ሕመም ፈቃድ ይገባዋል» ሲል ሰማሁ። ይበል። ዘጠኙም ስህተት ነበረባቸው።

የካቲት 24፣ ረቡዕ

ለስብሰባ አሥር ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር። ዳይሬክተሯ ደወለች፤ ስስ ብረት የልጆች እጅ ይቆርጣል፣ ታጥፎም ይቀራል አለች። ትክክል ናት። አነጋገሯ ግን ደስ አላለኝም። ወዲያው ብረቱን ለሚሠራልን በያጅ ደወልኩ፤ ከሁለት ሚሊ ወደ ሃያ።

«ሃያ? ጌታው፣ ይሄ የድልድይ ብረት ነው እኮ!»

«ሃያ አልኩህ።»

«እሺ። መኪና ቢያልፍበትም አይነቃነቅም።»

ተፈጸመ። ከጭንቅላቴ አንድ ነገር ወረደ።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

የባለቤቴ ወንድም ስብሰባ መሃል ደወለ። ሁለት ጊዜ ዘጋሁበት፣ ሦስተኛ ደወለ። ወጥቼ አነሳሁት።

«ጋሼ፣ ብረቱን አመጡልኝ። በጣም ወፍራም ነው። እንዲያው መሃሉን ሳስበው…»

«አስብ ብዬ ሰጠሁህ? የተሳለውን ቅረጽ።»

«አይ፣ ማለቴ፣ ቀትር ላይ ያለው መስመር…»

«መስመሩ የት እንዳለ ወረቀቱ ላይ አለ። አንብበህ ቅረጽ።»

ሳቅ አለ። «እሺ ጋሼ፣ አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዘጋው። ሥራ አስኪያጁ ስገባ ሰዓቱን አየ። እኔን ሰዓት ያሳየኛል!

መጋቢት 14፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ በወርክሾፑ በኩል አለፍኩ። ለስላሳ ነጭ ድንጋይ፣ ስፋቱ ሰማንያ ሴንቲሜትር። ስህተት ልፈልግ ነበር የሄድኩት፤ ለራሴ መዋሸት አልፈልግም። ማስመሪያና ስፋትና ጥልቀት የምለካበትን ካሊፐር ይዤ ግማሽ ሰዓት ተንበረከክሁ። አላገኘሁም። መስመሮቹ ሁለት ሚሊሜትር ጠልቀው፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ይዘው፣ ጫፋቸው ላይ እንደ ፀጉር ቀጥነው ያልቃሉ። በመሮና በመዶሻ ይህን ማድረግ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አለኝ፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ።

«ከንድፉ ጋር ይስማማል» አልኩት።

«ተመስገን። ከአንተ አፍ ይቺ እንደ ሽልማት ናት።»

በጠርዙ ላይ ምልክቱን ቀርጾበታል፤ የአውራ ጣት የምታክል፣ የተከፈተ መቀስ የመሰለች። ድንጋዩ ሳይነበብ ምልክት ማኖር ትንሽ ችኮላ ነው። በደንባችን፣ ለሕዝብ በቆመ ሰዓት ላይ ስህተት የፈረመ ሠሪ ምልክቱ ይነሳል። ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ።

ባለቤቴ ምሳ ይዛለት መጥታ ነበር። ቀኑን ሙሉ እዚያ እንደዋለች ከፊቷ ያስታውቃል። እቤት እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ምናልባት የድንጋይ አቧራ ደስ ይላት ይሆናል።

መጋቢት 20፣ ሰኞ

ቆመ። ሰሜኑን እኔ ነኝ ከፀሐይ ያወጣሁት። ብረቱን በሲሚንቶ አጥብቀነዋል። ወገቤን አሞኛል።

መጋቢት 26፣ እሁድ

የንባብ ቀን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ልናነብ ነበር ዕቅዱ። ሰባታችንም፣ እሱም ተገኘን። ፀሐይና የእጅ ሰዓት በዓመቱ ውስጥ የሚለያዩበትን ደቂቃ ከሠንጠረዡ አውጥተን በየወረቀታችን ራስ ላይ ጻፍን። ከዚያ ማንም ከማንም ሳይነጋገር በየሰዓቱ አነበብን።

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደመናው እንደ ክዳን ተገጠመ። ጥላ የለም። በረንዳው ላይ ተቀምጠን እስከ ስምንት ጠበቅን፤ አልተከፈተም። ያለንን እንይ ተባለ። ወረቀቶቹ ሲነበቡ ሰባቱም አንድ ናቸው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ደቂቃ ወደኋላ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አምስት፣ አራት ሰዓት ላይ ሰባት፣ አምስት ሰዓት ላይ ስምንት። ወደ ቀትር በተጠጋ ቁጥር ሰዓታችን እየዘገየ ይሄዳል።

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅነው!

ሊቀመንበሩ «ከቀትር በኋላውን ሳናይ ምን ማለት ይቻላል? ለሌላ እሁድ እናቆየው» አሉ።

«ምን የሚቆይ ነገር አለ?» አልኩ። «ስሌቱ ሦስት ጊዜ ተጣርቷል። ሰሜኑ ትክክል ነው። የቀረው እጅ ነው። ወደ ቀትር የተጠጉት መስመሮች ሲጠበቡ እጁ ሸርተት ብሏል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ብረቱን ያይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። አፍሮ መሰለኝ። ፋርማሲስቷ አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማትና «እሺ፣ የት ላይ ነው የምፈርመው?» አለ።

ጻፈ፣ ፈረመ። «ያገኘው» የሚለው ላይ የእኔን ስም ጻፈ፤ ሃያ ዘጠነኛ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው መሮውን ከቦርሳው አውጥቶ ድንጋዩ ሥር ተንበረከከና ምልክቱን አነሳው። አራት ምት። አቧራውን በእጁ ጠርጎ ተነሳ። ማንም አልሳቀም፤ እሱም አልቀለደም። በእግሩ ነው የሄደው።

ደንብ ደንብ ነው። ለእኔ ዘመድ ሲሆን ሊላላ አይችልም። እንዲያውም ዘመድ ስለሆነ ይበልጥ መጥበቅ አለበት። ሊቀመንበሩ ሲሰናበቱኝ እጄን ብዙ አልጨበጡም።

መጋቢት 27፣ ሰኞ

ባለቤቴ ሰምታለች። «አስፈረምከው?» አለች። ራሱ ነው የፈረመው አልኳት። ራት ለብቻዬ በላሁ።

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት በየጠዋቱ በቤተ መጻሕፍቱ በኩል አልፋለሁ፤ ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ እስከ አራት ሰዓት ቆየሁ። ያው ነው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። ጠዋት በሙሉ አንድ ዓይነት ነው። መስመሮቹን በካሊፐር ደግሜ ለካሁ፤ ከንድፉ ጋር ይገጥማሉ። ካሊፐሩ መታየት አለበት። አሮጌ ነው።

የሰዓቱ ምርቃት ለሌላ ቀን ተላልፏል። ምን እንደሚደረግ ማንም አልጠየቀኝም።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ የቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ አዋሽ ከበሩ ጠራችኝ። ሰዓታችሁ ጉደኛ ነው አለችኝ፤ ጠዋት ያረፍድብኛል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀድሞኝ ወደ ቤት ያሰናብተኛል። ሠንጠረዡን ሳትጠቀም እያነበበች መሆኑን ነገርኳት። «ሠንጠረዡ ግቢው በር ላይ ተለጥፎ የለ እንዴ?» አለች። ቆማ በምታነብበት በኩል ዓይኗ ሊያሳስታት ይችላል አልኳት። በደንብ ቆሜ ነው የማየው አለች። ቸኩያለሁ ብዬ ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አለብኝ። በዚህ ሳምንት በጣም ብዙ ፕላን አለ።

ሚያዝያ 12፣ ማክሰኞ

ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ ወጣሁ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ ስምንት ደቂቃ ይቀድማል። ስምንት ሰዓት ላይ ሰባት። በሁለተኛው ንባብ አውቄዋለሁ። ግን እርሳሴን ይዤ እስከ አሥር ሰዓት ቆምኩ፤ ምናልባት ሦስተኛው ያስተባብለዋል ብዬ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምስት፣ አሥር ሰዓት ላይ ሦስት። የጠዋቱን ወረቀት ከጎኑ ባስቀምጠው እንደ መስታወት ነው። እጅ የሸረተተ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። እንዲህ የሚሳሳተው ብረት ነው።

ለራሴ እንኳ በግልጽ ልጻፈው። ወፍራም ብረት ሁለት ጠርዝ አለው። ከቀትር በፊት ጥላው የሚነበበው በአንዱ ጠርዝ ነው፣ ከቀትር በኋላ በሌላው። ስለዚህ መስመሮቹ ከአንድ ነጥብ አይነሱም፤ ቀትር ላይ ድንጋዩ የብረቱን ውፍረት ያህል ባዶ ቦታ ተትቶለት፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ መስመሮች በግራና በቀኝ ይለያያሉ። የቀትር ክፍተት እንለዋለን። ለአዲስ አባላት በመጀመሪያው ወር የማስተምረው ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለት ሰዎችን መዝገብ ላይ አስፈርሜያለሁ።

እኔ የነደፍኩት ክፍተት ለማያስፈልገው ለሁለት ሚሊሜትር ስስ ብረት ነው። ብረቱን ወደ ሃያ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ በስልክ፣ በአንድ ደቂቃ። ንድፉን አልነካሁትም። ደመና በጋረደው ግማሽ ቀን ፈረድኩ።

መጽሐፍ አዋሿ በመስኮት ስታየኝ ነበር። እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሚያዝያ 13፣ ረቡዕ

ትናንት የጻፍኩት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር የዞረ ሰው፣ ብረቱን በእጁ የያዘ ሰው፣ ነገሩን ማስተዋል አልነበረበትም? ሠሪ የሚሠራውን ማወቅ አለበት። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሁለታችንም ነው ማለት ይቻላል። በቀያሾች ሥራም እንደዚህ ነው፤ መሣሪያውን የያዘው ሰው…

ስልኩ። መጋቢት 3። «መሃሉን ሳስበው» ያለኝ ስለዚህ ነበር።

ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ደወለ።

ሚያዝያ 16፣ ቅዳሜ

ምንም።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

ለባለቤቴ ነገርኳት። ማለቴ፣ ልነግራት ጀመርኩ። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ብረቱ የመጣ ቀን ነግሮኛል። ‹ጋሼ ረስቷል መሰለኝ፣ መሃሉ መከፈት አለበት› አለኝ። ‹ደውልለት› አልኩት። ደወለልህ። ምን አልከው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«‹ጋሼ ተሳስቶ አያውቅም፤ ምናልባት እኔ ያላወቅሁት ነገር ይኖራል› ብሎ ቀረጸው። የንባቡ ቀን ሰዓቱ ሲዘገይ ነው ልክ የነበረው እሱ እንደሆነ የገባው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገረም? ለምን ፈረመ?»

አሁን ልብሱን አስቀመጠችው።

«ሰዎቹ ስምህ መዝገቡ ላይ የሚወጣበትን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቁ ታውቃለህ? እሱ ያውቃል፤ ከእነሱ ጋር ነው የሚስቀው። ‹ሲስቁበት ቆሜ አላይም፣ እህቴ፤ ከእኔ ቢሆን ይሻላል፣ እኔ ተስቆብኝ ለምጃለሁ› አለኝ። ብዙ ለመንኩት። እኔንም አስምሎ ዝም አሰኘኝ።»

ከዚያ የታጠፈውን ልብስ ይዛ ወጣች። ሸሚዞቼን ለብቻ ትታቸዋለች።

ሚያዝያ 21፣ ሐሙስ

ማን ፈቀደለት? ማን ነው ለእኔ እንዲያዝን የፈቀደለት? በሃምሳ አራት ዓመቴ ድንጋይ ጠራቢ ሊከልለኝ! ስህተቴ የእኔ ነው። መጻፍም መፈረምም የእኔ ነው፤ ሌላ ሰው አይጽፍለትም ይላል ደንቡ። በሐሰት ፈርሟል፤ ያውም በመዝገቡ ላይ። እሱ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ዛሬ አሥራ ሦስት ፕላን አየሁ። አሥራ ሦስቱንም አሳለፍኩ። ምን እንዳየሁ አላስታውስም።

ሚያዝያ 25፣ ሰኞ

አራት ምት ነው የመታው። ቆጥሬያለሁ። ቆሜ ቆጠርኩ።

ግንቦት 1፣ እሁድ

ስብሰባው እንደ ሁልጊዜው በሊቀመንበሩ ሱቅ፣ ከተከፈቱ ሰዓቶች መሃል። የባለቤቴ ወንድም አልመጣም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መጥቶ አያውቅም። የመጣሁበትን ነገር አቋርጦ የሚወስድብኝ ሰው እንዳይኖር ገና ሳልቀመጥ ተናገርኩ። ብረቱን፣ ስልኩን፣ የከሰዓቱን ንባብ። ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ።

ማንም አልደነገጠም። ይህን ነው መጀመሪያ ያስተዋልኩት። ሊቀመንበሩ በአንድ ዓይናቸው ያለውን ማጉያ መነጽር አወለቁና «እኔ በማግስቱ ሄጄ ከሰዓት በኋላውን አነበብኩ» አሉ። «እሷንም እዚያው አገኘኋት።» ፋርማሲስቷን በአገጫቸው አመለከቱ።

«ያን ዕለት በረንዳው ላይም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ብረቱን ሳየው።»

«አምስት ሳምንት! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «የተሳሳተው ራሱ ይጽፋል፣ ሌላ ሰው አይጽፍለትም። የባለቤትዎ ወንድምም እንዳንናገር ለምኖናል። እኔ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መጥተው ይፈርማሉ ብዬ ነበር። በአንድ ቀን ተሳሳትኩ።»

«እኔ አይፈርሙም ነበር ያልኩት» አለ ከኋላ አንዱ። የሚስቅ ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

መዝገቡን ዘረጋችልኝ። የእሱን መስመር በአንድ ሰረዝ ሰረዝኩና ከሥሩ ጻፍኩ። «የሠራው» ላይ ስሜን። «ያገኘው» ላይ የእሱን። ከዚያ «ሚያዝያ» ብዬ ስጀምር ፋርማሲስቷ ጣቷን ከብዕሬ ፊት አሳረፈች።

«እሱ መቼ ነው ያገኘው?»

የጻፍኩትን ሰርዤ መጋቢት 3 አልኩ። ድንጋዩ ሳይቀረጽ በፊት ማለት ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ሁሉ ተነግሮኝ እንደነበር ያውቃል። ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ማጉያቸውን መልሰው አደረጉና ወደ ሰዓታቸው አጎነበሱ። «ሌላ አጀንዳ አለ?» አሉ።

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ወርክሾፑ ሄድኩ። የመቃብር ድንጋይ እየጠረበ ነበር። ቀና አላለም። መዝገቡ መስተካከሉን፣ ሙሉ አባል መሆኑን፣ ምልክቱን መመለስ እንደሚችል ነገርኩት።

«ሰማሁ» አለ። «ያነሳሁትን አልመልስም።»

«መብትህ ነው እኮ።»

«ድንጋዩ የተሳሳተ ነው። በተሳሳተ ድንጋይ ላይ ምን ምልክት ይደረጋል?»

መስተካከል ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ቀደም ሲል አስቤበታለሁ፤ ነገር ግን እንደማላውቅ ሆኜ ጠየቅሁት። መሮውን አስቀመጠ። የድንጋዩ ፊት ሁለት ሚሊሜትር ወርዶ መስመሮቹ እስኪጠፉ መታሸት አለበት አለ፤ በማሽን ከሆነ ብረቱ ዙሪያ ይሰነጠቃል፤ በእጅ ነው፣ በሸካራ ድንጋይ፣ በአሸዋና በውኃ። «አንድ ወር። እኔ አላሸውም። የሠራሁትን በገዛ እጄ አላጠፋም።»

«እኔ አሸዋለሁ።»

እጆቼን አየ። ቢስቅ እወድ ነበር፤ እሱ ግን አልሳቀም።

«ካሸህ በኋላ ማን እንደሚቀርጸው ፈልግ» አለና መዶሻውን አነሳ። «በተረፈ ስሠራ ሰው ከጎኔ ሲቆም አልወድም።»

ጋሼ አላለኝም። ከመንገድ ማዶ ስደርስ ነው ልብ ያልኩት።

ግንቦት 6፣ ዓርብ

ከሥራ መልስ ሁለት ሰዓት ያህል ድንጋዩን አሸሁ። የጠፋ መስመር የለም። እጄ ተላጧል።

ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ጣቶቼ አይታጠፉም። ቢሮ ፊርማዬ ተበላሽቷል፤ ያ ቀያሽ «ይሄ የእርስዎ ነው?» ብሎ መልሶ አመጣልኝ። በድጋሚ ፈረምኩለት።

መላጣ ሽማግሌ ከአግዳሚ ወንበር ተነስቶ መጣና ምን እንዳደርግ ጠየቀኝ። መስመሮቹ በስምንት ደቂቃ ስለተሳሳቱ እያጠፋሁ ነው አልኩት። «በስምንት ደቂቃ ምን ይመጣል?» አለ። በዚህ ጥያቄ ላይ ለሰዓታት መናገር እችል ነበር። አሸዋ ጨመርኩ።

ግንቦት 20፣ ዓርብ

የጠዋቱ መስመሮች ጠፍተዋል። የሦስት ሰዓቷ መስመር የመጨረሻ ነበረች፤ ጫፏ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነችው፣ መጀመሪያ ጠፋች። ካጠፋኋት በኋላ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ዛሬ የእጅ ቅባት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ተቀባሁት።

ግንቦት 29፣ እሁድ

ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ድንጋዩ ባዶ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ። አጠብኩት፣ አደረቅሁት፣ ውኃ ልኬን በቁመት፣ በአግድም፣ በሰያፍ አስቀመጥኩበት። በአሥራ ስድስት ቦታ ለካሁት። በአሥራ ስድስቱም አረፋው ልክ መሃል ላይ ነው።

አሥር ሰዓት ገደማ እሱ በእግር መንገዱ መጣ። ወደ እኔ የመጣ አይመስልም፤ የሚያልፍ ይመስላል። ቆመ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

ጎንበስ አለና መዳፉን ድንጋዩ ላይ አኑሮ ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ ከዳር ወደ ብረቱ ወሰደው፣ መለሰው፣ እንደገና ወሰደው። አንድ ቦታ ላይ ቆመና በአውራ ጣቱ ከበበው።

«እዚህ ጋ አብጧል።»

ውኃ ልኬን አንስቼ እዚያው ላይ አኖርኩት። አረፋው መሃል ነው። አሳየሁት።

አላየውም። «እዚህ ላይ መስመር ቢቀረጽ መሮ ይዘላል» አለ። «እስከዚህ ድረስ ነው።» በጣቱ ዳርቻውን አመለከተኝና እጁን በሱሪው ጠርጎ ሄደ። ይመለስ እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እጄን እዚያ ላይ አደረግሁ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም አልተሰማኝም፤ ለጥ ያለ ድንጋይ ነው። ውኃ ልኩን ዕቃ መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ። አሸዋ በተንኩ፣ ውኃ አፈሰስኩ፣ እሱ በጣቱ በከበበው ልክ፣ ከዚያ ሳላልፍ፣ እስኪመሽ አሸሁት።